ላም አለኝ በሰማይ? ስለ በራሪ የነፋስ ተርባይን ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «የኤሌክትሪካል ምህንድስና የ4ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ የምኖረው አዳማ ነው። ቻይኖች ትልቅ ፊኛ በሚመስል ነገር ውስጥ ተርባይን ገጥመው ሰማይ ላይ ኤሌክትሪክ ሲያመነጩ የሚያሳይ ቪዲዮ አየሁ። ወደ ላይ ሲወጣ የነፋሱ ፍጥነት 3 እጥፍ፣ ኃይሉ ደግሞ 27 እጥፍ ይሆናል ይላል። እውነት ከሆነ ለምን ሁሉም ሰው አያደርገውም? እኛስ ኮረብታ ላይ ያን ሁሉ ብረት ከምናቆም ይህን ብንሞክር አይሻልም ወይ? ለመመረቂያ ፕሮጀክቴ በሂሊየም ፊኛ ላይ ትንሽ ተርባይን ሰቅዬ ለማቅረብ አስቤያለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

ወንድሜ፣ ከ27ቱ እጥፍ ልጀምር፤ ቪዲዮው ያሳሳተህ እዚያ ላይ ነውና። ስሌቱ ራሱ ልክ ነው። ነፋስ በ1 ካሬ ሜትር ውስጥ ይዞት የሚያልፈው ኃይል የአየሩ እፍግታ ግማሽ በፍጥነቱ ኩብ ተባዝቶ ነው፤ የ3 ኩብ 27 ነው። ግን «3 እጥፍ» የተባለው ከምን ተነስቶ ነው? ዛፍና ቤት መካከል፣ መሬት አጠገብ ከሚለካ ነፋስ ጋር ከሆነ እሺ፣ ሊሆን ይችላል። ከቤትህ የሚታዩህ ተርባይኖች ግን የቆሙት ኮረብታ ጫፍ ላይ ነው፤ እምብርታቸውም (ክንፎቹ የሚገናኙበት መሃል) ከዚያ በላይ በብዙ አስር ሜትሮች ከፍ ብሎ ነው ያለው። ፊኛው ሊወዳደር የሚገባው ከእነርሱ ጋር ነው። ለሸካራ ግምት የምንጠቀምበት ደንብ ፍጥነት በከፍታ 1/7ኛ ፓወር ያድጋል ይላል። በዚህ ደንብ ከ100 ሜትር ወደ 500 ሜትር ብትወጣ ፍጥነቱ የሚጨምረው 26 በመቶ ያህል ነው፤ ኃይሉ 2 እጥፍ ይሆናል። ደንቡም ቢሆን ከጥቂት መቶ ሜትሮች በላይ አይታመንም፤ ከዚያ በኋላ ነፋሱ እንደ አገሩ፣ እንደ ወቅቱና እንደ ሰዓቱ ነው።

2 እጥፍ ይናቃል ማለቴ አይደለም። እንዲያውም እኔን ከሰማይ ነፋስ ኤሌክትሪክ ወደማመንጨት ሥራ የሳበኝ እጥፉ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ማታ መሬት ሲቀዘቅዝ ከመሬት አጠገብ ያለው ነፋስ ይተኛል፤ ጥቂት መቶ ሜትር ከፍ ብሎ ያለው ግን ከመሬት ፍትጊያ ነፃ ስለሚወጣ በብዙ ቦታ ይፈጥናል። መብራት በሚፈለግበት ሰዓት ታች ያለው ተርባይን ሲቆም ላይ ያለው ነፋስ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። ይህ ሀብት እውነተኛ ነው።

ታዲያ ለምን ሁሉም አያደርገውም? ሥራዬ ምን እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእናቴ ሳስረዳት ጨርሳ ሳትሰማኝ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ ወዲህ ዓመታት አለፉ፤ እኔም መልስ አዘጋጅቻለሁ። ላሟ አለች፣ ወተቷም አለ፣ ታልባም ታይታለች። ያስቸገረው ሌሊትና ቀን፣ ነፋስ ኖረም አልኖረም፣ ሰማይ ላይ አስሮ ማሳደሩ ነው። ከዚህ በታች የምጽፍልህ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚህ ላይ ነው የሚያርፈው።

መጀመሪያ ሐሳቡ ለምን ብልህ እንደሆነ ተረዳ፤ ፊኛው ላይ ያየኸው ዋናው ሐሳብ አይደለም። ለቡሄ ጅራፍ አጩኸህ ታውቅ እንደሆነ፣ እጅህ በትንሹ ሲንቀሳቀስ ጫፉ ከድምፅ ፈጥኖ ነው የሚጮኸው። የተርባይን ክንፍም እንዲሁ ነው፤ እምብርቱ አጠገብ ያለው ክፍል ሲንቀረፈፍ ጫፉ ይከንፋል። ከክንፉ ርዝመት የውጭው 30 በመቶ ብቻ ከጠቅላላው ክብ 51 በመቶውን ይጠርጋል። ግማሹ ሥራ የዚያ ጫፍ ነው። የቀረው ወፍራም ክንፍ፣ ግዙፉ የብረት ግንብ፣ ከሥሩ የፈሰሰው ኮንክሪት በአብዛኛው ጫፏን ይዞ ለማቆም የተሠራ ነው። እንግዲህ ጫፏን ብቻ አስቀርተን በገመድ ብንይዛትስ?

ይህን በስሌት ያስቀመጠው ማይልስ ሎይድ የተባለ፣ በካሊፎርኒያ የሎውረንስ ሊቨርሞር ብሔራዊ ላብራቶሪ መሐንዲስ ነው፤ ጽሑፉን ያወጣው በ1980 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ውሰዳቸው)። አንድ ካይት (በገመድ ታስሮ የሚበር ጨርቅ ወይም ክንፍ) ከነፋሱ ጋር ትይዩ ሆኖ ዝም ብሎ ከተንሳፈፈ የሚሰጠው ኃይል እዚህ ግባ አይባልም። ነፋሱን አቋርጦ ክብ ወይም 8 ቁጥር እየሠራ ከበረረ ግን ከነፋሱ በብዙ እጥፍ ይፈጥናል። የሎይድ ቀመር በቃል ሲነገር እንዲህ ነው፦ ሊገኝ የሚችለው ከፍተኛ ኃይል 2/27 ሲባዛ በአየሩ እፍግታ፣ በነፋሱ ፍጥነት ኩብ፣ በክንፉ ስፋትና በማንሳት መለኪያው (ክንፉ ምን ያህል አንሺ እንደሆነ በሚነግረው ቁጥር)፤ ከዚያም የማንሳት ኃይሉ ለአየር ተቃውሞው ያለው ንጽጽር ራሱ በራሱ ተባዝቶ ይባዛበታል። ይህችን የመጨረሻዋን ካሬ ልብ በል። የክንፉን ጥራት፣ ማለትም ይህን ንጽጽር፣ 2 እጥፍ ብታደርገው ኃይሉ 4 እጥፍ ይሆናል። ሎይድ ለምሳሌ የወሰደው የሲ-5 ወታደራዊ ጭነት አውሮፕላንን ክንፍ ያህል፣ 576 ካሬ ሜትር ነበር፤ በ10 ሜትር በሰከንድ ነፋስ 6.7 ሜጋዋት ወጣለት። ስሌቱ እንዳለ ለብዙ ዓመት ተኛ፤ ካይትን ያለ ሰው እጅ የሚያበር ርካሽ ኮምፒውተርና ሴንሰር ገና አልነበረምና።

ኃይሉን ወደ መሬት ለማውረድ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ጄኔሬተሩን መሬት ላይ ማስቀመጥ ነው። ካይቱ 8 እየሠራ ሲወጣ ገመዱን ይጎትታል፣ ገመዱ የተጠመጠመበት ማጠንጠኛ ይሽከረከራል፣ ጄኔሬተሩም አብሮ። ገመዱ ሲያልቅ ካይቱ አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ጉልበቱን ይተዋል፤ ሞተሩም ካመነጨው ጥቂቱን እየበላ መልሶ ይጠቀልለዋል። እንደ አንጥረኛ ወናፍ ነው፤ ይነፋል፣ ይሰበስባል፣ ይነፋል። በመሃል ያለውን ክፍተት ባትሪ ይሞላዋል። ሁለተኛው መንገድ ትናንሽ ተርባይኖችን ክንፉ ላይ ራሱ ገጥሞ ኤሌክትሪኩን በገመዱ ውስጥ ማውረድ ነው። ይህኛው ያለማቋረጥ ያመነጫል፣ ተርባይኖቹም ለመነሳትና ለማረፍ እንደ ሄሊኮፕተር ያገለግላሉ። ነገር ግን ገመዱ ሸክምም ሽቦም መሆን አለበት። 600 ኪሎዋት በ400 ቮልት ልታወርድ ብትል 1,500 አምፒር ነው፤ እንዲህ ያለ መዳብ ተሸክሞ የሚበር ነገር የለም። በ4,000 ቮልት 150 አምፒር ይሆናል፤ ያኔ ደግሞ የኢንሱሌሽኑ ራስ ምታት ይጀምርሃል።

ሁለተኛውን መንገድ እስከ ጥግ የሄደበት ማካኒ ነው። በ2006 ካሊፎርኒያ ውስጥ አላሜዳ ላይ ተመሠረተ፤ ጎግል መጀመሪያ ገንዘብ አዋጣ፣ በ2013 ጠቅልሎ ገዛው። መጀመሪያ የሠሩት 8 ሜትር ክንፍ ያለው 20 ኪሎዋት ካይት በራሱ ተነስቶ፣ በክብ በርሮ፣ በራሱ ማረፍ ችሏል። ከዚያ በአንድ ዝላይ ወደ ኤም600 ሄዱ፦ ከጫፍ ጫፍ 26 ሜትር፣ 8 ተርባይን የተገጠመለት፣ ከ400 ሜትር በሚበልጥ ገመድ የታሰረ የካርቦን ፋይበር ክንፍ። ሃዋይ ላይ በረረ። በነሐሴ 2019 ከነዳጅ ኩባንያው ሼል ጋር ሆነው ኖርዌይ ባሕር ላይ፣ ከተንሳፋፊ መድረክ ላይ አስነሱት፤ በሁለተኛው በረራ ካይቱ ባሕር ውስጥ ወደቀ። በየካቲት 2020 የጎግል እናት ኩባንያ አልፋቤት እጁን አወጣ።

እኔ ማካኒን የማከብረው ከመዘጋቱ በኋላ ላደረገው ነገር ነው። የሠሩትን ሁሉ፣ ኮዱን፣ የበረራ መረጃውን፣ የስህተታቸውን ታሪክ ጭምር ለሕዝብ ከፍተው ሄዱ። አንብበው፤ ከየትኛውም መማሪያ መጽሐፍ ይበልጥብሃል። እዚያ የምታገኘው ዋናው ነገር ክብደት ነው። ኤም600 ከታሰበው በላይ ከበደ፤ ስሙ ላይ የተጻፈውን 600 ኪሎዋትም ሊደርስበት አልቻለም። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። የአንድን ክንፍ ርዝመት 2 እጥፍ ስታደርግ፣ ቅርፁ እንዳለ ከሆነ፣ ስፋቱ 4 እጥፍ ክብደቱ ግን 8 እጥፍ ይሆናል። ግንብ ላይ የቆመ ተርባይን ሲከብድ መሠረቱን ታሰፋለታለህ። የሚበረው ግን ክብደቱን ራሱ ነው የሚሸከመው፤ ክቡን ሲዞር ሽቅብ በወጣ ቁጥር ኃይል እየከፈለ ነው። ነፋሱ ደከም ሲል የሚያመነጨው ለመብረሩ ብቻ ይውላል፤ ከዚያም ይባስ ብሎ ካንተ ይበደራል።

ገመዱ ደግሞ ሌላው ሌባ ነው። ሰው ሁሉ ስለ ክንፉ ያወራል፤ ገመዱን የሚያስበው የለም። 500 ሜትር ርዝመት፣ 1 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ገመድ ለነፋስ የሚያቀርበው ፊት 5 ካሬ ሜትር ነው። የታችኛው ጫፉ ስለማይንቀሳቀስ፣ የላይኛው ብቻ ከካይቱ ጋር ስለሚከንፍ፣ በአማካይ ሩቡን ብትወስድ ነው፤ 1.25 ካሬ ሜትር። ጥሩ ተደርጎ የተሠራ 30 ካሬ ሜትር ክንፍ፣ የተቃውሞ መለኪያው 0.05 ቢሆን፣ ራሱ የሚያመጣው ተቃውሞ 1.5 ካሬ ሜትር ያህል ነው። ገመዱ ብቻውን የክንፉን ያህል ሊጎትት ምንም አልቀረውም ማለት ነው። የሎይድን ካሬ አስታውስ፦ ንጽጽሩ በግማሽ ሲወርድ ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል። «ከፍ ባልን ቁጥር ይሻላል» የሚለው ንግግር የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። ካይት የሚሠሩ ሰዎች አብዛኞቹ የሚበሩት በጥቂት መቶ ሜትሮች ውስጥ ነው፤ 1,500 ሜትር ገመድ የሚያመጣው ነፋስ ገመዱ የሚበላውን አይከፍልም።

አውሮፓ ውስጥ ያለው ሰፈር በአብዛኛው የመጀመሪያውን መንገድ ነው የመረጠው። ነገሩ በዴልፍት ዩኒቨርሲቲ የጀመረው የኔዘርላንድስ የመጀመሪያው ጠፈርተኛ በነበረው በዉቦ ኦኬልስ ነው፤ ከዚያ ቡድን በ2016 ካይትፓወር ወጣ። እነርሱ የሚያበሩት ለስላሳ የጨርቅ ካይት ነው። በ2021 አሩባ ደሴት ላይ ከኔዘርላንድስ ጦር ጋር ሞከሩት፤ በኋላም በምዕራብ አየርላንድ ማዮ ውስጥ ጣቢያ ከፈቱ። የጀርመኑ ስካይሴይልስ በ2001 ሲጀመር ሥራው መርከብ በካይት መጎተት ነበር፤ አሁን ያንኑ ጨርቅ ወደ ኤሌክትሪክ አዙሮ ሞሪሸስ ደሴት ላይ ተክሏል። ጠንካራ ክንፍ ይዞ በዚሁ መንገድ የሄደው ኔዘርላንዳዊው አምፒክስ ግን በ2022 ከሰረ። ልዩነቱን ልብ በል። ጨርቁ በጥራት ከጠንካራው ክንፍ ያንሳል፤ ሲወድቅ ግን አጣጥፈህ መልሰህ ታበረዋለህ። የካርቦን ክንፍ ሲወድቅ የዓመታት በጀት ነው አብሮ የሚወድቀው። እኔ በበኩሌ ገና በልጅነቱ ላይ ላለ ቴክኖሎጂ መውደቅ የማይጎዳው ነገር ይሻላል ባይ ነኝ፤ ከእኔ ጋር የማይስማሙ ጎበዝ ሰዎችም አሉ።

ስለ መውደቅ ካነሳን፣ ቆሞ የሚቀር ተርባይን ነፋስ ሲያጣ ዝም ይላል፤ የሚበር ነገር ነፋስ ሲያጣ ይወርዳል። አንድ ጊዜ ረግረጋማ የላም ግጦሽ ላይ ካይት ስንሞክር የትንበያው ነፋስ ሰባት ሰዓት ላይ ድንገት ተኛ። የማረፊያውን ኮድ የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። ኮዱ ነፋስ ሲዳከም ገመዱን እንዲጠቀልል ያዛል፤ መጠቅለል ራሱ ለካይቱ ነፋስ ይፈጥርለታልና። ግን ምን ያህል ሲዳከም እንደሚጀምር የጻፍኩት ቁጥር ትንሽ የዘገየ ነበር። ካይቱ እንደ ደከመው ሰው ጋደም አለ፤ 200 ሜትር ገመድ ጭቃ ላይ ተዘረጋ፤ ላሞቹ ተሰብስበው ገመዱን መላስ ጀመሩ። ያን ቀን እናቴን አስታወስኩ። ማንም አልተጎዳም፤ እኛ ግን ገመዱን አጥበንና መርምረን እስክንጨርስ ሁለት ቀን ፈጀብን፤ ምክንያቱም አሸዋ የገባበት ገመድ ማጠንጠኛው ላይ ራሱን በራሱ ይበላል። አንድ ተርባይን 20 ዓመት ይሠራል ተብሎ ነው ባንክ የሚያበድረው። በራሪ ካይት በየደቂቃው ገመዱ እየተዘረጋና እየተጠቀለለ፣ እየታጠፈ፣ ፀሐይ እያገኘው ስንት ወር ይቆያል? እስከ ዛሬ ይህን ዘርፍ ያሰረው ጥያቄ ይኼ ነው፤ የነፋሱ ብዛት አይደለም።

ወደ ፊኛው እንምጣ። ያየኸው ኤስ1500 የተባለው ፊኛ ሳይሆን አይቀርም፤ በመስከረም 2025 በቻይና ዢንጂያንግ ውስጥ ሃሚ ላይ የተሞከረው። ርዝመቱ 60 ሜትር፣ ስፋትና ቁመቱ 40 ሜትር፣ ውስጡ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎዋት የሆኑ 12 ጄኔሬተሮች። ፊኛ የካይትን ትልቁን ችግር ይፈታል፤ ነፋስ ሲቆም አይወድቅም። በምትኩ የሎይድን ብልሃት ይተዋል። ዝም ብሎ ቆሞ ስለሚጠብቅ ኃይሉ ተርባይኖቹ በሚይዙት ስፋት ብቻ የተወሰነ ነው። ተርባይን ስታሰፋ ክብደት፣ ክብደት ሲጨምር ሂሊየም፣ ሂሊየም ሲጨምር ነፋስ የሚገፋው ትልቅ ሆድ። ከቻይኖቹ በፊት አሜሪካ ውስጥ ከኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የወጣው አልታይሮስ የተባለ ኩባንያ በዚሁ መንገድ 30 ኪሎዋት አላስካ ላይ ሊሰቅል አቅዶ ነበር። በኋላ ፊኛዎቹን ለቴሌኮም አንቴና መስቀያነት አዞራቸው። ቻይኖቹ የት እንደሚያደርሱት በጉጉት ነው የማየው፤ ብዙ ገንዘብና ብዙ ትዕግሥት አላቸው። ነገር ግን አንድ ፊኛ ለጥቂት ሰዓት ያመነጨውን አይተህ አትፍረድ። ዓመቱን ሙሉ ስንት ሰዓት ላይ ቆየ ብለህ ጠይቅ።

አሁን ይህንኑ አዳማ ላይ እናስላው፤ ፕሮጀክትህ ነውና። 1 ሜትር ኩብ ሂሊየም ባሕር ወለል ላይ ወደ 1.05 ኪሎ ያነሳል። አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ሳስቷል፤ እዚያ የሚያነሳው 0.89 ኪሎ ያህል ነው። አንድ ካሬ ሜትር የሚጠርግ ትንሽ ተርባይን፣ ጄኔሬተሩ፣ ሽቦው፣ ገመዱና የፊኛው ቆዳ ተደምረው 20 ኪሎ ቢገቡልህ እግዚአብሔርን አመስግን። 25 ሜትር ኩብ ሂሊየም ትፈልጋለህ፤ ቁመቱ ከ3.5 ሜትር በላይ የሆነ ፊኛ ነው። በ8 ሜትር በሰከንድ ነፋስ ይህ ፊኛ በጎን የሚገፋው 10 ኪሎ ያህል ነው፤ የተረፈህ የማንሳት አቅም ደግሞ 2 ኪሎ አካባቢ። ስለዚህ ፊኛህ ሽቅብ አይቆምም፣ መሬት ለመሬት ይጋደማል። ይህ ሁሉ ተሳክቶ ቢቆም እንኳ በዚያ ነፋስ 1 ካሬ ሜትር ውስጥ የሚያልፈው 266 ዋት ነው፤ ትንሽ ተርባይን ከዚያ 80 ዋት ቢያወጣ ነው። 80 ዋት! ለዚህ አንድ የፀሐይ ፓነል ጣሪያ ላይ ማስቀመጥ ይበቃ ነበር። ሂሊየሙ ከውጭ የሚገባ ነው፣ ውድ ነው፣ አተሙም ትንሽ ስለሆነ በማንኛውም ቆዳ ቀስ እያለ ያመልጣል። በሃይድሮጂን ልተካው የሚል ሐሳብ ከመጣብህ ተወው።

«እኛስ?» ላልከው፣ አገር ሲባል የነፋሱን ካርታ ማየት ነው። በከፍተኛ ሰማይ የሚሮጠው፣ ፊልሞቹ የሚያወሩለት ጄት ስትሪም (እንደ ወንዝ በጠባብ መንገድ የሚሮጥ ፈጣን ነፋስ) የመካከለኛ ኬክሮስ ሀብት ነው፤ የጃፓንና የሰሜን አሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ ነው የሚያገኘው። ለምድር ወገብ የቀረብን እኛ በክረምት ከላያችን የሚያልፍ የምሥራቅ ጄት አለን፤ ግን 15 ኪሎሜትር አካባቢ ላይ ነው፤ ገመድ አይደርስበትም። እኛን የሚመለከቱን ዝቅ ብለው የሚነፍሱት ሁለቱ ናቸው። አንዱ በክረምት በሶማሊያ ዳርቻ የሚያልፈው የሶማሌ ጄት ነው፤ ሌላው በእኛና በኬንያ ደጋዎች መካከል ባለው በር ተጨምቆ የሚወጣው የቱርካና ጄት። በቱርካና በር ላይ ኬንያ 365 ተራ ተርባይን ተክላ 310 ሜጋዋት ጣቢያ አላት። የሚገርመው ይህ ነው፤ ነፋሱ መሬት ድረስ ወርዶ እየነፈሰ ካይት ለምን? አዳማም እንዲሁ። 34 ተርባይኖች 51 ሜጋዋት፣ ቀጥሎ 102 ተርባይኖች 153 ሜጋዋት የቆሙት የስምጥ ሸለቆው ነፋስ ኮረብታው ጫፍ ላይ ስለሚፈጥን ነው። አገራችን ግንቡን በተፈጥሮ ሠርታ አስቀምጣለች፤ ኮረብታው ግንብ ነው። ነፋሳችን በበጋ፣ የግድቦቹ ውሃ በሚቀንስበት ወራት የሚበረታ መሆኑም ሌላ ጸጋ ነው። ስለዚህ ግሪዱን (የአገሩን የኤሌክትሪክ መረብ) ለመመገብ ብረቱን ከማቆም የተሻለ መንገድ ዛሬ የለንም። በራሪው የሚያዋጣው ናፍጣ በመርከብ በሚገባበት ደሴት፣ በወታደር ሠፈር፣ ክሬንና 60 ሜትር ክንፍ የጫነ መኪና በማይደርስበት ቦታ ነው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ቦታ ሞልቷል፤ ግን ፀሐዩም እዚያው ሞልቷል፤ ካይቱ ከፓነሉ ጋር መወዳደር አለበት።

ይህን ሁሉ ብዬ ታዲያ ፕሮጀክቱን ተው አልልህም። ፊኛውን ተው፤ ካይት አድርገው። ልጅ ሆነህ ፌስታል በክር አስረህ ሮጠህ ከሆነ ግማሹን ታውቀዋለህ። ለስፖርት የሚሠራ፣ ሁለት ገመድ ያለው 3 ካሬ ሜትር ካይት፣ አንድ የብረት ማጠንጠኛ፣ ከጋራዥ የምታገኘው ኩሽኔታ፣ እንደ ጄኔሬተር የሚሠራ የኤሌክትሪክ ሳይክል ሞተርና ባትሪ ይበቃሃል። በሎይድ ቀመር አስላው፦ የማንሳት መለኪያው 0.8፣ የማንሳትና የተቃውሞው ንጽጽር 4፣ ነፋሱ 8 ሜትር በሰከንድ ቢሆን ወረቀት ላይ 1.5 ኪሎዋት ይወጣል። ገመዱ ወደ ሰማይ አጋድሎ ስለሚሄድ፣ መጠቅለያው ጊዜ ስለሚበላ፣ ሞተሩም ስለሚያባክን ሩቡን በእጅህ ካስገባህ ጎበዝ ነህ። ያም ቢሆን ከፊኛህ 80 ዋት በብዙ ይበልጣል።

መመረቂያህ ላይ ግን ዋት አታሳድድ፤ ኮሚቴው ፊት የምታቀርበው የኃይል ግራፍ ይሁን፦ ሲለቀቅ ስንት፣ ሲጠቀለል ስንት፣ የተጣራው ስንት። ካይቱን በእጅህ እየመራህ የመሬቱን ክፍል ብቻ በኮምፒውተር ተቆጣጠር። ራሱ እንዲበር ማድረግ የአንድ ሴሚስተር ሥራ አይደለም፤ እኔ ዓመታት ፈጅቶብኝ ላም አስልሼበታለሁ።

አደጋውን በቁጥር ልንገርህ። ያቺ 3 ካሬ ሜትር ጨርቅ በ8 ሜትር በሰከንድ ነፋስ፣ ገመዱ በነፋሱ ፍጥነት ሲሶ እየተለቀቀ እንኳ፣ 58 ኪሎ ትጎትታለች። ነፋሱ ወደ 12 ቢዘል 130 ኪሎ፤ ሰው ታነሳለች። ስለዚህ ገመዱን በእጅህ ወይም በወገብህ አትጠምጥም፣ ጓንት ሳታደርግ አትንካው፤ ከማጠንጠኛው በፊት ከዋናው ገመድ ቀድሞ እንዲበጠስ አስበህ የምትመርጠው ቀጭን ማያያዣ አስገባ። ከኤሌክትሪክ መስመር ራቅ፤ ደመና ሲጠቁር አውርደው። ከማብረርህ በፊት በመምህርህ በኩል የሲቪል አቪዬሽን ፈቃድ ጠይቅ፤ ከኮረብታዎቹ አጠገብ የሚያልፍ ሄሊኮፕተር ገመድህን አያየውም።

ሞተርም ኮምፒውተርም ከመግዛትህ በፊት አንድ ነገር አድርግ። ሥጋ ቤት የሚንጠለጠለውን ዓይነት ሚዛን ገዝተህ ካይቱን በእርሱ በኩል ከእንጨት ግንድ ጋር እሰረው። 8 እየሠራህ አብረው፣ ጓደኛህ ሚዛኑን በስልክ ይቅረጽ፤ ነፋሱን በትንሽ መለኪያ ከጎኑ ለካ። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃሃል። የሚዛኑ ቁጥር በነፋሱ ፍጥነት ካሬ ካደገ ካይትህ እየበረረ ነው፤ ካላደገ ማሰሪያ ገመዶቹ ልክ አይደሉም ማለት ነው። ካይቱ ቆሞ ሳለና 8 ሲሠራ ያነበብካቸውን ሁለት ቁጥሮች ጻፍልኝና ከዚያ ስለ ሞተሩ እንነጋገራለን።